የሶፋ ሠሪው መዳፍ

ደሙን ያየው መርፌው ሳይሰማው ነው። ክሬም ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ፣ የእጅ ማስደገፊያው ከመቀመጫው በሚገናኝበት ስፌት አጠገብ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች፤ ሶፋ ሠሪው አንዳች ነገር የተንጠባጠበ መስሎት መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ጣሪያው ደህና ነው። እጁን ሲያገላብጥ ነው ጠማማዋን መርፌ ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ተሰክታ፣ ክሯን አንጠልጥላ ያገኛት።

«ጉድ ፈላ» አለ ለብቻው። መርፌዋን ነቀላት፤ መነቀሏም አልተሰማውም። ቁራጭ ጨርቅ በምራቁ አርሶ ነጥቧን ቀስ አድርጎ ያሽ ጀመር፤ የራስን ደም የራስ ምራቅ እንደሚያስለቅቀው ያስተማሩት ገና ሙያውን ሲጀምር ነበር። ሶፋው የአንድ ሆቴል ነው፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በየቀኑ እየደወለ የት ደረሰ የሚል፣ ነገር የማያልቅበት ሰው ነው። ነጥቧ እየደበዘዘች ሄደች። ጣቱ ግን ያው ነው፤ ከሌላ ሰው ተውሶ የገጠመው ይመስል እዚያው እጁ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

እንዲህ ከሆነ ከረመ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚደነዝዘው፤ ሲያራግፈው ይመለስለታል። ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲጨብጥ፣ ጨርቅ ሲወጥር፣ ሞላ ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ነውና ድካም ነው ብሎ ናቀው። እያደር ማራገፉም ፋይዳ አጣ። አሁን በአፉ የያዛቸውን ትንንሽ ምስማሮች በጣቱ ሲቀበል ግማሹ ወለል ላይ ይበተናል፤ ማን አየኝ ብሎ ዙሪያውን ይቃኝና አጎንብሶ ይለቅማል። ለማንም አልተናገረም። ለልጁማ ጨርሶ።

ከውስጠኛው ክፍል የማሽኑ ጉርምርምታ ተሰማ። ልጁ ጨውዬ ተነስታለች ማለት ነው። ማሽኑ መድኃኒት የተቀላቀለበትን የጨው ውሃ ጭጋግ አድርጎ ያወጣል፤ እሷ ጭጋጉን በአፏ እየሳበች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና ትጨርሰዋለች። ከዚያ ተራው የእሱ ነው።

ልጁ የተወለደችው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከሚባል በሽታ ጋር ነው። ያኔ ሐኪሞቹ ብዙ ነገር አስረዱት፤ ከሁሉም ውስጥ ቁልጭ ብሎ የገባው አንድ ብቻ ነበር። በሌላው ሰው ሳንባ ውስጥ ቀጥኖ የሚወጣው ፈሳሽ በእሷ ሳንባ ውስጥ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሙጫን ደግሞ እሱ ያውቀዋል፤ ካልነቀነቁት ይደርቃል፣ ከደረቀ የያዘውን ይዞ ይቀራል። ላቧም ጨው ነው። ሕፃን ሳለች እናቷ ስማት ከንፈሯን ትልስና፣ ይቺ ልጅ ጨው ውስጥ ነው እንዴ ያደረችው ትል ነበር፤ የቤት ስሟ በዚያው ጨውዬ ሆኖ ቀረ። እናቲቱ ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

ሕክምናው ጠዋትም ማታም ነው። ጭጋጉ፣ ከዚያ ጀርባዋን መምታት፣ ከዚያ አክታውን ማስወጣት፤ ምግብ በቀመሰች ቁጥር ደግሞ እንክብል። እሑድ የለው፣ በዓል የለው፣ ዛሬስ ይቅርብኝ የሚሉት ነገር አይደለም። ልጅ ሳለች ታለቅስ ነበር እንጂ እንቢ አትልም ነበር። ሃያን ስትሻገር ግን አንድ ቀን በቃኝ አለችና ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ትልቅ ሰው ናትና አላስገደዳትም፤ ደግሞም ድካሟ ገብቶት ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ ሆስፒታል ገባች። አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ስትወጣ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አንድ ውል ገባችለት፤ «አንተ አጠገቤ ሆነህ ጀርባዬን ከመታህልኝ እተኛልሃለሁ። ብቻዬን ግን አልሠራውም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱም አንድ ቀን አልቀረም፣ እሷም አንድ ቀን እንቢ አላለችም። እንግዲህ እጁ ሄደ ማለት ውሉ ሄደ ማለት ነው፤ ውሉ ከሄደ ደግሞ ልጅቱን ሊያጣት ነው። ስለ ጣቱ አፉን ይዞ የከረመው ለዚህ ነው። ፈርቶ ነው፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም።

ለዚሁ ሥራ የሠራላት አግዳሚ አለች፤ በአንድ በኩል ዘቅዘቅ ያለች፣ ቡናማ ሌዘር የለበሰች፣ ልጅቱ ቁመት በጨመረች ቁጥር እየፈታ የቀጠላት። ጨውዬ መጥታ ከነሹራቧ በሆዷ ተዘረረችባት። እሱ መዳፉን ውሃ እንደሚጠጣበት ሰው አጉብጦ የጎድን አጥንቷን ከታች ወደ ላይ ይመታ ጀመር፤ ድው፣ ድው፣ ድው። ድሮ ይህ መዳፍ ጆሮ ነበረው። ስፖንጅ የጎደለበትን ትራስ በአንድ ጥፊ እንደሚለየው ሁሉ፣ አክታው የቱ ጋ እንደተጋገረ፣ መቼ መንቀሳቀስ እንደጀመረ፣ ከቆዳዋ ሥር ሲንኮራኮር ይሰማው ነበር። «ተላቀቀ» ይላታል፤ ቁጭ ትልና መስታወት በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፏን ከፍታ አየሩን ታስወጣለች፣ ትስላለች። «መጣ?» ይላታል። «መጣ» ትለዋለች። ኩባያ ውስጥ ተፍታ ማየት እስኪያስፈልግ ድረስ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም።

አሁን የሚሰማው የትከሻው ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህ በግምት ይሠራል፤ ድሮ የሚፈጀውን ያህል መታሁ ብሎ ሲያስብ «ተላቀቀ» ይላል። ደግነቱ እሷ ትስላለች፣ ደግነቱ «መጣ» ትላለች። መዳፉ ቢደነቁርም ሳሏ ይመሰክርለታል፤ ሲጽናና የከረመው በዚህ ነው።

ዛሬም እንደዚያው ሆነ። ተላቀቀ አለ፣ ሳለች፣ መጣ አለችና ፊቷን አዙራ ጫማዋን ፈለገች። ጊዜ የለም፤ የሳንባ ክሊኒክ ቀጠሮ አላቸው።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጨውዬ የመናኸሪያው ድምፅ ናት፤ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ የምታስታውቀው እሷ ስለሆነች ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቋታል። የዛሬውም ሹፌር በመስታወት አያትና፣ አንቺ ተሳፋሪ ከሆንሽ እኛን ማን ሊያስነሳን ነው ብሎ ቀለደ። ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም አላቆም አለ። ከፊት የተቀመጠች ሴት ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አደረገች፤ ሶፋ ሠሪው ሴትዮዋን በዓይኑ ሊበላት ደረሰ። ጨውዬ ለነገሩ ለምዳዋለች። ማይክሮፎን ፊት ሳልን ውጦ ማቆየት የሥራዋ ግማሽ ነው፤ ሲያስፈልግ ይዛ ታቆየዋለች፣ ሲያስፈልግ ትጠራዋለች። የአሁኑ ግን አልታዘዝ አላት። አባቷ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አንድ ነገር ከነከነው፤ ጠዋት መጣ ካለች ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

ክሊኒኩ ውስጥ ቱቦ ሰጧትና ያላትን ትንፋሽ ሁሉ እንድትነፋ አደረጓት። ደግመው አስነፏት። የሳንባ ፊዚዮቴራፒስቷ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ አባትና ልጁን ስለምታውቃቸው ነገር አታድበሰብስም። ትንፋሿ ካለፈው ቀጠሮ በጣም ወርዷል አለች። በዚህ ከቀጠለ በሚቀጥለው ወር አልጋ መያዝ የግድ ይሆናል፣ የወረደውም ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ጨውዬ አንገቷን ደፋች። አንድም ቀን አላጓደልንም አለ ሶፋ ሠሪው፣ ድምፁ ሳያስበው ከፍ ብሎ። ሴትዮዋ እንዳላጓደሉ አምናለች፤ ብቻ ቤት እንዴት እንደሚሠሩት እዚሁ እንዲያሳዩዋት ፈለገች።

ጨውዬ የምርመራ አልጋው ላይ ተኛች። እሱ እጅጌውን ጠቀለለ። ሥራውን ሲሠራ ሰው ቆሞ ቢያየው ደንታ የሚሰጠው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ወገቡ ሁሉ ላብ በላብ ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቷ ማዳመጫዋን ከመዳፉ አጠገብ የልጅቱ ጀርባ ላይ አሳርፋ ታዳምጣለች። ትከሻው እስኪዝል መታና «ተላቀቀ» አለ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ጨውዬ ተነስታ ሳለች፤ እሱም ልማድ ሆኖበት «መጣ?» አለ።

«መጣ።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ዘረጋችላት። «እስቲ እዚህ ላይ» አለቻት። ጨውዬ ኩባያውን ተቀብላ አቀርቅራ ቆየች። በመጨረሻ የተፋችው ንጹሕ ምራቅ ነበር።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወደ ሶፋ ሠሪው ዞራ፣ መላቀቁን በምን እንዳወቀ ጠየቀችው። በመዳፌ ነዋ አላት። እንግዲያው እጁን ይስጣት፣ ዓይኑንም ይጨፍን፤ የትኛውን ጣት እንደምትነካው ብቻ ይንገራት። ጨፈነ።

«አሁን?»

ትንሽ አሰበ። «ሌባ ጣቴን።»

«አሁንስ?»

«አውራ ጣቴን» አለ ቶሎ ብሎ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ዝምታው ሲረዝምበት ዓይኑን ገለጠ። የሴትዮዋ ሁለት እጆች ጭኗ ላይ ነበሩ። እንጃ መቼ እንዳነሳቻቸው፤ አውራ ጣቱንስ ጨርሶ አልነካችውም። ጨውዬ ኩባያዋን እንደያዘች ቆማ ሁሉንም አይታለች። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

ከርሟል አላት። ለምን እንደደበቃት አልጠየቀችውም፤ ውሉን የገባችው ራሷ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እሷም የራሷን ምስጢር አወጣች። ትከሻውን እያሻሸ ጥርሱን ሲነክስ ታየው ነበር፤ ሲተኛም ማቃሰቱን በግድግዳው ትሰማለች። ቶሎ መጣ ካለችው ቶሎ ያርፋል። ሳልን እንደሆነ ማስመሰል አያቅታትም።

«ግን እኮ ተላቀቀ ስትለኝ አምንህ ነበር» አለች። «መዳፍህ ስቶ አያውቅማ። አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ቀስ ብሎ በራሱ ይወጣል እያልኩ...» 

እንግዲህ ጉዱ ይህ ነው። እሱ ሳሏን አመነ፣ እሷ መዳፉን አመነች፤ ሁለቱ እየተዛዘኑ ሙጫው በመሃል እንዳሻው ደረቀ። የሚወቀስ ሰው ቢገኝ እንኳ ቀለል ይል ነበር፤ አልተገኘም።

ፊዚዮቴራፒስቷ በሥራዋ ይህን ብዙ ጊዜ እንዳየችው ነገረቻቸው፤ ባልና ሚስትም ላይ፣ እህትማማቾችም ላይ። ከመሳቢያዋ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ አጭር ቱቦ አወጣች። በውስጡ የብረት ኳስ አለች፤ ሲነፉበት ኳሷ ትዘላለች፣ መዝለሏ ደረትን ከውስጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ እንደ መዳፍ መሆኑ ነው። ተቀምጣ ትሠራዋለች፣ ማንም አይመታትም፣ ዘቅዘቅ ያለ አግዳሚም አያስፈልግም፤ ዘቅዝቆ መተኛት አሁን እየቀረ ነው። የእሱንም እጅ የነርቭ ሐኪም ይየው፤ የተጨቆነ ነርቭ ከሆነ ሊታከም ይችላል። ሶፋ ሠሪው ይሰማል፣ ሐሳቡ ግን ቤት አግዳሚዋ ላይ ነው፤ ስንቴ ፈቶ ስንቴ እንደቀጠላት።

ጨውዬ ቱቦውን አገላብጣ አየችው። «ብቻዬን አልሠራውም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ እልህ አልነበረም፣ እንዲያው ድካም ብቻ። ፊዚዮቴራፒስቷ ከሁሉም የሚከብዳት የትኛው እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ጭጋጉ ነው? ሳሉ ነው? ልጅቱ ጊዜ ወስዳ አሰበችበት። «ማለቂያ የለውም» አለች። «ዛሬ ጎበዝ ብሆንም ነገ ከዜሮ ነው። ሰው የጀመረውን ነገር አንድ ቀን ይጨርሳል አይደል?»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በክሩ ለቀቀችው። «ለዚህስ መድኃኒት የለኝም» አለች። እውነቷን ስለነበረ ሁለቱም ጥቂት ቀለላቸው።

ከክሊኒኩ ወጡ። ጨውዬ ተረኛ ስለነበረች መናኸሪያው ድረስ ሸኛት። ቤቱ ሶፋ ይጠብቀዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይደውላል፤ እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለው። ተሳፋሪዎች መሃል አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የወንበሩ ስፖንጅ ሞቷል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይሄን ደግሞ ማን ነው የሠራው ብሎ ያማ ነበር። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና ልጁ ተናገረች፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ለሰው ሁሉ የሚበቃ ነው። ሰዉ ሻንጣውን እያነሳ ወደ በሩ ተመመ። በሁለት ቃላት መሃል የነበረችውን ክፍተት፣ ሳሏን የዋጠችበትን፣ የሰማት እሱ ብቻ ነው።

ተናደደ። መጀመሪያ በእሷ፤ ሰው እንዴት አባቱን በሳል ያታልላል? ቀጥሎ በራሱ፤ አንተስ ምን ስትል ከረምክ፣ አውራ ጣቴን! ንዴቱ ሲበርድ ከሥሩ ያገኘው ነገር ግን አሳፈረው፤ እፎይ ብሎ ነበር። ከነገ ጀምሮ እጁ እንደሚሰማው ማስመሰል የለበትም። ዓመታት የተሸከመው ድካም ሁሉ አንድ ላይ ወረደበትና፣ ከነሻንጣው የሚያልፈው ሰው እያየው፣ በደነዘዘ እጁ ዓይኑን ጠረገ።

ሲመሽ አብረው ራት በሉ። ጨውዬ እንክብሏን ዋጠች፣ ሰሃኗን አጠበች፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ጨውዬ ነይ ብሎ ይጣራል፤ አሁን ጠርቶ ምን ሊያደርጋት ነው? ቱቦው ከነማሸጊያው ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ማሽኑም አይሰማም። ሶፋ ሠሪው ወደ መሥሪያ ቦታው ሄደ፣ መብራቱን አበራ፣ መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ቁም ሳጥኑ ትዝ አለው። ያኔም እንዲህ ነበር የጀመረው፤ በአንድ ጸጥ ያለ ምሽት።

ስልኩ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው። ሶፋ ሠሪው ሰበብ ሊደረድር አፉን ከፈተና «እጄን አሞኛል» አለ። በገዛ አፉ ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። ያ ነገረኛ ሰውዬ፣ አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ጨርስልኝ አለው። እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ነገር ነበር እንዴ? ስልኩን ዘግቶ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ ጥሎ ተቀመጠ። ምንም የለም።

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ጨውዬ ማሽኑን አቅፋ፣ ገመዱን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች፤ ፊቷ ተኮሳትሯል። ቱቦውን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ሰክታዋለች።

ማንም ሳይጠይቃት፣ «ብቻዬን አልሠራውም ብያለሁ» አለች።

ማሽኑን ሰካችና የሆቴሉ ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። የሰው ዕቃ ነው፣ አላለቀም ቢላት፣ ታዲያ ጥንካሬው ይሞከር አለችው። ከጎኗ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችለት። የጠዋቷ ነጥብ ከነበረችበት ስፌት አጠገብ ተቀመጠ። ጭጋጉን ሳበች፤ እሱ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ቸገረውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። ማሽኑ ጸጥ ሲል የቱቦውን ማሸጊያ በጥርሷ ቀደደች፤ ነፋች። ኳሷ ተንጣጣች። ደግማ ነፋች፣ ደጋግማ ነፋች፣ ደረቷ ተርገፈገፈ። በመጨረሻ አፏን ከፍታ ትንፋሿን አስወጣች፣ አንዴም ሁለቴም፤ ዓይኗ እንባ አቅሮ ፊቷ በርበሬ እስኪመስል።

«መጣ?» አለ አባቷ።

ቀና ብላ አየችው። ያቺ የምታውቃት የማስመሰያ ሳል ጉሮሮዋ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ መጥራት ብቻ ነው፣ ከዚያ ሁለቱም ሄደው ይተኛሉ። ቀኑ ረጅም ነበር። እሱም ያውቃል፣ ማወቁንም እሷ ታውቃለች።

«አልመጣም» አለች።

እንዲህ ብላው አታውቅም። ሶፋ ሠሪው አጎነበሰ፤ በማይሰሙት ጣቶቹ የጫማውን ማሰሪያ በዳበሳ ፈልጎ ፈታው፣ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውንም አወለቀ። ከዚያ፣ እስኪመጣ ሊጠብቅ፣ ወደ ኋላ ተደገፈ። ጨውዬ ቱቦውን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።